ቱቦው አልጠበበም፤ ውሃው ማረፊያ ነው ያጣው

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «አራት ብሎክ ያለው የጋራ ግቢ ውስጥ እንኖራለን። ጣሪያው ተደምሮ 600 ካሬ ሜትር፣ በኮንክሪት የተነጠፈው ግቢና መኪና ማቆሚያ 500፣ ሳርና ባዶ መሬት ደግሞ 400 ካሬ ሜትር ይሆናል። ከባድ ዝናብ በጣለ ቁጥር ታችኛው በር አካባቢ ውሃው እስከ ቁርጭምጭሚት ይሞላል። ወደ መንገዱ ቦይ የሚያወጣው ባለ 300 ሚሊ ሜትር የኮንክሪት ቱቦ ሲሆን ተዳፋቱ 1 በመቶ ነው። ኮንትራክተሩ በ600 ይቀየር ይላል። አንዳንዶቻችን ግን ማስረጊያ ጉድጓድ ቢቆፈር ይበቃል እንላለን። አፈሩ ከላይ ጥቁር ዋልካ፣ ከ1 ሜትር ከ20 በታች ቀላ ያለና ጠጠር የቀላቀለ ነው። የቱ ይሻላል?»

ከሁለቱ አንዱን ብቻ አድርገው ገንዘብ አያውጡ። ቱቦውን ማስፋት ከችግሩ ጋር አይገናኝም፤ አንድ ጉድጓድ ደግሞ ይህን ሁሉ ውሃ አይችልም። እንዲህ ያልኩት በግምት አይደለም፤ በሰጡኝ ቁጥሮች ማስላት ይቻላል።

ለትንሽ ቦታ የሚበቃው ስሌት ቀላል ነው። አየርላንዳዊው መሐንዲስ ቶማስ ማልቫኒ በ1851 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ሐሳብ ዛሬም ያገለግላል፦ ስፋቱን፣ የዝናቡን ፍጥነትና ከወለሉ ላይ የሚፈሰውን ድርሻ ማባዛት ነው። ከጣሪያ ላይ 95 በመቶው፣ ከኮንክሪት 90 በመቶው፣ ከሳርና ከባዶ አፈር 30 በመቶ ያህሉ ይፈሳል ብንል፣ ሙሉ በሙሉ ውሃ የሚያመነጨው ስፋት 570 ሲደመር 450 ሲደመር 120፣ ማለትም 1,140 ካሬ ሜትር ነው። ለ10 ደቂቃ በሰዓት 90 ሚሊ ሜትር ፍጥነት የሚጥል ኃይለኛ ዝናብ እንውሰድ። 1,140 በ90 ተባዝቶ ለ3,600 ሲካፈል በሰከንድ 28.5 ሊትር ይሆናል። ባለ 300 ሚሊ ሜትር የኮንክሪት ቱቦ በ1 በመቶ ተዳፋት ሞልቶ ሲፈስ በሰከንድ 97 ሊትር ገደማ ያሳልፋል። ተዳፋቱ ግማሽ በመቶ ብቻ ቢሆን እንኳ 68 ሊትር ያሳልፋል። እንግዲህ ቱቦዎ ከሚያስፈልገው ከሁለት እጥፍ በላይ ሰፊ ነው። ሆኖም በሩ ጋ ውሃ ይቆማል።

ስለዚህ ምንም ከመቆፈርዎ በፊት በሚቀጥለው ከባድ ዝናብ ሰው ይመድቡና ሦስት ነገር ያስተውል። አንደኛ፣ ቱቦው መንገዱ ቦይ ውስጥ የሚገባበት አፍ በቦዩ ውሃ ተሸፍኗል ወይ? ሁለተኛ፣ አፉ ክፍት ሆኖ ሳለ ግቢው ከሞላ፣ ፍርግርጉ በቅጠልና በፌስታል ተደፍኗል፣ ወይም ቱቦው ውስጥ ደለል ተኝቷል። ሦስተኛ፣ ሁለቱም ካልሆኑ ውሃው ከውጭ፣ በበሩ በኩል፣ እየገባ ነው። ሁለተኛው ከሆነ ማጽዳት ይበቃል። ሦስተኛው ከሆነ የበሩን መግቢያ ከመንገዱ ከፍ ማድረግ ይጠይቃል። ከነገሩኝ ሁኔታ የሚመስለው ግን የመጀመሪያው ነው፦ የሰፈሩ ጣሪያ ሁሉ ውሃውን በተመሳሳይ ሩብ ሰዓት ውስጥ ወደዚያ ቦይ ይለቃል፤ ቦዩ ይሞላል፤ የእናንተ ቱቦ መውጫ ያጣል። ይህ ሲሆን ቱቦውን በ600 መቀየር የመንገዱ ውሃ ወደ ግቢያችሁ የሚመለስበትን በር ማስፋት ነው።

ከዚህ በኋላ ጥያቄው «ውሃውን በምን ቶሎ እናስወጣ» መሆኑ ይቀርና «ቦዩ እስኪጎድል የት እናቆየው» ይሆናል። ዘላቂ የዝናብ ውሃ አያያዝ የሚባለው አሠራር ሥሩ ይኸው ነው፦ ውሃውን በወደቀበት አካባቢ መያዝ፣ የሚሰርገውን ማስረግ፣ የቀረውን በቀስታ መልቀቅ።

ምን ያህል ውሃ እንያዝ? በአንድ ሰዓት ውስጥ 40 ሚሊ ሜትር የሚጥል ዝናብ ለምሳሌ እወስዳለሁ። እናንተ ግን የአካባቢያችሁን የዝናብ መጠንና ድግግሞሽ ሰንጠረዥ ከሜትዎሮሎጂ ተቋም ጠይቃችሁ ተኩት፤ ይህ ቁጥር ከተሳሳተ ቀጥሎ ያለው ሁሉ ይሳሳታል። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው። ከጣሪያው 22.8 ሜትር ኪዩብ ይመጣል። ከመኪና ማቆሚያው ታችኛውን 200 ካሬ ሜትር ውሃ ወደሚያሳልፍ ንጣፍ ብንለውጠው፣ በላዩ ላይ በቀጥታ የሚወርደው 8፣ ከቀሪው 300 ካሬ ሜትር ኮንክሪት ወደ እሱ የሚፈሰው 10.8፣ በድምሩ 18.8 ይሆናል። ከሳሩ 4.8 ይጨመራል። ጠቅላላው 46.4 ሜትር ኪዩብ ነው። ይህን ነው ቦታ ቦታ የምናስይዘው።

ቦታ ከመደልደል በፊት ግን አፈሩ ይፈተን። ሰው ሁሉ የሚዘለው ደረጃ ይኼ ነው፤ አብዛኛው የማስረጊያ ጉድጓድም በመጀመሪያው ክረምት ሞልቶ የሚቀረው በዚሁ ምክንያት ነው። ርዝመቱ 1 ሜትር፣ ወርዱ 40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ማስረጊያው ሊደርስበት እስከታሰበው ጥልቀት፣ በእናንተ ግቢ 2 ሜትር ከ20 ድረስ ይቆፈር። ከ1 ሜትር ከ20 በላይ ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ውስጥ ግድግዳው ሳይደገፍ ሰው አይግባ፤ ልኬቱ ከላይ ሆኖ በተመተረ ዘንግ ይወሰዳል። ጉድጓዱን ከታች 1 ሜትር ከፍታ ድረስ ቶሎ ውሃ ሙሉት። ውሃው ከ75 ሴንቲ ሜትር ወደ 25 ሴንቲ ሜትር ለመውረድ የፈጀውን ጊዜ መዝግቡ። ይህን ሦስት ጊዜ ደጋግማችሁ በጣም የዘገየውን ውሰዱ፤ የመጀመሪያው ሙሊት የሚያሳየው ደረቅ አፈር ሲጠጣ ስለሆነ ሁልጊዜ ያታልላል።

ለምሳሌ የዘገየው 185 ደቂቃ ቢሆን፦ የወረደው ውሃ 1 በ0.4 በ0.5፣ ማለትም 0.2 ሜትር ኪዩብ ነው። ውሃው በአማካይ የነካው ግድግዳ 1.4፣ ወለሉ 0.4፣ በድምሩ 1.8 ካሬ ሜትር። 0.2 ለ1.8 ተካፍሎ እንደገና ለ3.08 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 36 ሚሊ ሜትር ይወጣል። ለዓመታት መደፈን መጠባበቂያ ቢያንስ በግማሽ ቀንሱና 18 ብላችሁ ሥሩበት። ውጤቱ በሰዓት ከ3.6 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ስርገትን ትታችሁ ውሃውን ይዞ በቀስታ መልቀቅ ላይ ብቻ ተማመኑ። የላይኛው ዋልካችሁ ከዚህ በታች መሆኑ አይቀርም፤ ተስፋ ያለው ከሥሩ ያለው ቀይ አፈር ነው። የከርሰ ምድር ውሃም በክረምቱ ማብቂያ፣ ከፍ በሚልበት ጊዜ ይታይ፤ ከማስረጊያው ወለል በታች ቢያንስ 1 ሜትር መራቅ አለበት።

ስለ ዋልካ አንድ ነገር በጥብቅ ላሳስብ። ይህ አፈር ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ከመሠረት አጠገብ ውሃ ማስረግ ግድግዳ መሰንጠቅ ነው። ማስረጊያ ከማንኛውም ሕንፃና አጥር ቢያንስ 5 ሜትር ይራቅ። በዋልካ ላይ የበለጠ ቢርቅ ይመረጣል። በሙሌት አፈር ላይ፣ በገደል ጫፍ፣ በሴፕቲክ ታንክ አጠገብ ወይም ለመጠጥ በሚቀዳ ጉድጓድ አቅራቢያ ፈጽሞ አይሠራ።

አሁን ወደ ድልድሉ። ከጣሪያ የሚወርደው ንጹሕ ስለሆነ ለስርገትና ለመጠቀም የተሻለው እሱ ነው። ሦስት ቦታ ይከፈል።

የመጀመሪያው ታንከር ነው። ሁለት ባለ 5,000 ሊትር ታንከሮች አሸንዳ መውረጃዎች ሥር ይቀመጡ። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ሞልቶ የተቀመጠ ታንከር ለጎርፍ ምንም አይጠቅምም፤ ዝናቡ ሲመጣ ባዶ ቦታ የለውምና። ስለዚህ በታንከሩ ወገብ ላይ ትንሽ መውጫ ተበጅታ ከወገብ በላይ ያለውን ውሃ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ቀጥሎ ወደምናየው የአትክልት መደብ ታፍስስ። የታችኛው ግማሽ ለአትክልትና ለጽዳት ይቀመጣል፤ የላይኛው ግማሽ፣ ከሁለቱ 5 ሜትር ኪዩብ፣ ሁልጊዜ ለዝናብ ክፍት ይሆናል።

ሁለተኛው ዝናብ ተቀባይ የአትክልት መደብ ነው። 50 ካሬ ሜትር፣ ማለትም የጣሪያው 8 በመቶ ገደማ ይበቃል። መሬቱ ከዙሪያው 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበል፤ በዚህ ብቻ 7.5 ሜትር ኪዩብ ይይዛል። ከሥሩ 60 ሴንቲ ሜትር ውሃ የሚያሳልፍ አፈር ይሞላ፤ ክፍተቱን 20 በመቶ ብንይዝ 6 ሜትር ኪዩብ ይጨምራል። ድብልቁ ሁለት ሦስተኛው የታጠበ ሻካራ አሸዋ፣ የቀረው ቀላል አፈርና በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ይሁን። ከተቆፈረው ዋልካ አንድ አካፋ እንኳ መልሳችሁ አትቀላቅሉ፤ ጥቂት ሸክላ አሸዋውን ሁሉ ይደፍነዋል። ለማረጋገጥ ድብልቁን በጠርሙስ ከውሃ ጋር በጥብጣችሁ ለአንድ ቀን አስቀምጡ፤ ከአሸዋው በላይ ወፈር ያለ የጭቃ ንብርብር ካረፈ ድብልቁ አይሆንም። ከድብልቁ ሥር 10 ሴንቲ ሜትር ሻካራ አሸዋ፣ ከእሱ ሥር 25 ሴንቲ ሜትር ጠጠርና በውስጡ ባለ 100 ሚሊ ሜትር የተበሳሳ ቱቦ ይቀመጥ። በድብልቁና በጠጠሩ መካከል ጨርቅ አታንጥፉ፤ እዚያ ቦታ ላይ ጨርቁ ቶሎ ይደፈናል፣ የሻካራው አሸዋ ንብርብር ግን ለዓመታት ይሠራል። ቱቦው ከሚገባበት ፊት ለፊት ድንጋይ ደርድሩ፤ አለበለዚያ የመጀመሪያው ዶፍ መደቡን ይሸረሽረዋል። ላዩ ላይ የቆመው ውሃ በ24 ሰዓት ውስጥ መጥፋት አለበት። ትንኝ ከእንቁላል ወደ በራሪ ለመለወጥ ሳምንት ገደማ ስለሚፈልግ፣ በዚህ ፍጥነት የሚደርቅ መደብ ትንኝ አያራባም። የሚተከለውም ሥረ ጥልቅ፣ መርጠብንም መድረቅንም የሚችል ይሁን፤ ማዳበሪያ አያስፈልገውም።

ሦስተኛው ወደ ቀዩ አፈር የሚደርስ ማስረጊያ ቦይ ነው። ርዝመቱ 12፣ ወርዱ 1፣ ውሃ የሚይዘው ጥልቀት 1 ሜትር ይሁን፤ የታጠበ ከ20 እስከ 40 ሚሊ ሜትር ጠጠር ይሞላ። በጠጠሩ መካከል ያለው ክፍተት 35 በመቶ ቢሆን 4.2 ሜትር ኪዩብ ይይዛል። ዙሪያውንና ላዩን ባልተሸመነ ጂኦቴክስታይል (ውሃ የሚያሳልፍ፣ አፈር የሚያስቀር ጨርቅ) ጠቅልሉት፤ እዚህ ጨርቁ ያስፈልጋል፣ የጎን አፈር ወደ ጠጠሩ እንዳይገባ ይከላከላል። የያዘው ውሃ ግማሹ ለመስረግ ስንት ሰዓት ይፈጅበታል? ወለሉ በደለል ስለሚደፈን አንቆጥረውም። ግድግዳው በግማሽ ቁመቱ 13 ካሬ ሜትር ነው፤ በሰዓት 18 ሚሊ ሜትር ሲሰርግ በየሰዓቱ 0.23 ሜትር ኪዩብ ይሆናል። ግማሹ፣ 2.1 ሜትር ኪዩብ፣ በ9 ሰዓት ያልቃል። ከ24 ሰዓት በታች ስለሆነ ለሚቀጥለው ዝናብ ይደርሳል። ግን አስተውሉ፦ ይህን ያህል ተቆፍሮ የያዘው ከጣሪያው ውሃ አንድ አምስተኛውን እንኳ አይሆንም። «ማስረጊያ ጉድጓድ ይበቃል» የሚለው ሐሳብ የሚወድቀው እዚህ ነው።

ታንከር 5፣ መደብ 13.5፣ ቦይ 4.2፣ ድምሩ 22.7። የጣሪያው ውሃ በዚህ አለቀ ማለት ይቻላል።

መኪና ማቆሚያው የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ በአሠራር ጉድለት የሚበላሸው እሱ ነውና። ከላይ 80 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ንጣፍ ድንጋይ፣ ከሥሩ 50 ሚሊ ሜትር ማረፊያ ከ2 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ደቃቅ ጠጠር፣ ከእሱ ሥር 350 ሚሊ ሜትር ከ4 እስከ 20 ሚሊ ሜትር የተፈጨ ድንጋይ። 200 ካሬ ሜትር በ0.35 በ30 በመቶ ክፍተት 21 ሜትር ኪዩብ ይይዛል፤ የሚመጣበት 18.8 ነው። ድንጋዩ ዱቄት የሌለው፣ የታጠበ ይሁን። ገረጋንቲ ወይም የተለመደው የመንገድ ቤዝ ኮርስ (ዱቄት የተቀላቀለበት የመንገድ መሠረት ጠጠር) ከተደለደለ ክፍተት የሚባል ነገር የለም፤ የተሠራው ተራ ኮብልስቶን ነው። የድንጋዮቹ መገጣጠሚያም በዚያው ደቃቅ ጠጠር ይሞላ። አንጣፊዎች በልማድ አሸዋ በትነው ይጠርጋሉ፣ አንዳንዴም ሲሚንቶ በጥብጠው ያፈስሳሉ፤ በዚያች አንድ ከሰዓት የሳምንታት ሥራ ይሞታል። ያን ቀን አንድ ሰው አጠገባቸው ይቁም።

ዋልካው ላይ ስለሚያርፍ ከሥሩ አይሰርግም ብላችሁ ሥሩ። ከሕንፃ 5 ሜትር ውስጥ ያለው ክፍል ከሥሩ ውሃ የማያሳልፍ ላስቲክ ይነጠፍለት። የታችኛው ወለል ወደ አንድ ጥግ ትንሽ ያዘንብል፣ በዚያ በኩል የተበሳሳ ቱቦ ውሃውን ወደ መቆጣጠሪያ ማንሆል ይውሰድ። ማቆሚያው ራሱ ተዳፋት ከሆነ ውሃው ሁሉ በታችኛው ጫፍ ይከማችና የላይኛው ጠጠር ባዶውን ይቀራል፤ ስለዚህ በየተወሰነ ርቀት ጠጠሩ ውስጥ ትናንሽ የኮንክሪት ግድቦች ይሠሩ።

ማንሆሉ ውስጥ ያለችው ቀዳዳ የሥርዓቱ ልብ ናት። 50 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያላት ብረት በቱቦው አፍ ላይ ትገጠም። በላይዋ 40 ሴንቲ ሜትር ውሃ ሲቆም በሰከንድ 3.3 ሊትር ትለቃለች። ቀድሞ በሰከንድ 28.5 ሊትር ይሄድ የነበረው ወደዚህ ወረደ ማለት ነው። ውሃው ሲጎድል የምትለቀውም ስለሚቀንስ፣ የሞላው ጠጠር በ3 ወይም 4 ሰዓት ውስጥ ይጎድላል። ከ50 በታች አታሳንሷት፤ አንድ ቅጠል ይደፍናታል። ፊቷ ላይ ወንፊት ይኑር፣ ብረቷም በሰንሰለት ተስባ የምትወጣ ትሁን፤ ብትደፈን ሰው ማንሆሉ ውሃ ውስጥ ሳይገባ ውሃው ይለቀቃል። ከእሷ ቀጥሎ ወደ መንገዱ በሚወጣው ቱቦ ላይ ነን ሪተርን ቫልቭ፣ ማለትም ውሃን ወደ ውጭ ብቻ የሚያሳልፍ መዝጊያ፣ ይገጠም። የመንገዱ ቦይ ሲሞላ ቫልቩ ይዘጋል፤ ያን ጊዜ ግቢው በራሱ ማረፊያ ብቻ ይኖራል። ሁሉንም ውሃ የሚይዝ ቦታ ያሰላነውም ለዚህ ነው።

እስካሁን 43.7 ሜትር ኪዩብ አስይዘናል፤ 2.7 ይቀራል። ለዚህ ምንም ግንባታ አያስፈልግም፦ ከሳሩ ላይ 60 ካሬ ሜትር በ5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይደረግ፣ 3 ሜትር ኪዩብ ይይዛል። በየግቢው ሳሩ ከኮንክሪቱ ከፍ ተደርጎ በከርብ (በጠርዝ ድንጋይ) ታጥሮ ይታያል፤ ለመጠጣት የተዘጋጀው መሬት ውሃ እንዳይደርስበት ተከልክሎ፣ የማይጠጣው ኮንክሪት ሁሉን ይሸከማል። ሳሩ ዝቅ፣ ከርቡ በየ3 ሜትሩ 40 ሴንቲ ሜትር ክፍት ይሁን።

ከ40 ሚሊ ሜትር የባሰ ዝናብ ይመጣል፤ ዓመቱ አይታወቅም እንጂ መምጣቱ አይቀርም። ኮፐንሃገን ላይ ጁላይ 2 ቀን 2011 እ.ኤ.አ. በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከ100 ሚሊ ሜትር በላይ ዘንቦ ቱቦዎቿ ምንም ሊያደርጉ አልቻሉም። ከተማዋ በዓመቱ ባወጣችው እቅድ መንገዶችና መናፈሻዎች ራሳቸው ውሃ እንዲይዙና እንዲያጓጉዙ ወሰነች። በእናንተም ግቢ መልሱ ያው ነው፦ መደቡም፣ ማቆሚያውም፣ ታንከሩም የትርፍ ውሃ መውጫ ይኑራቸው፤ ትርፉም በግልጽ መሬት ላይ ፈስሶ በታችኛው በር ይውጣ። የቤቶቹ ወለል ከዚያ መሄጃ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ መሆኑን በውሃ ልክ አረጋግጡ። ይህ ልኬት ካልተገኘ ሌላው ሥራ ሁሉ ቆሞ መጀመሪያ እሱ ይስተካከል።

ወደ መደቡም ሆነ ወደ ቦዩ ከመግባቱ በፊት ውሃው በደለል ማስቀሪያ ሳጥን ይለፍ። የሳጥኑ ወለል ከመውጫው ቱቦ 40 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበል፣ መውጫው ላይ ወደ ታች የታጠፈ የቱቦ ክርን ይገጠም፤ ተንሳፋፊው ከላይ፣ አሸዋው ከታች ይቀራል። የልብስ እጥበት፣ የወጥ ቤትና የመኪና እጥበት ውሃ በዚህ መስመር ፈጽሞ አይግባ። ሳሙናውና ቅባቱ ይደፍነዋል፣ የከርሰ ምድር ውሃንም ይበክላል።

የሥራው ቅደም ተከተል የሚበላሽበት አንድ ቦታ አለ። ማቆሚያውና መደቡ በመጨረሻ ይሠሩ፤ አፈር ቆፍሮ መጫን፣ ሲሚንቶ ማቡካት ሁሉ ካለቀ በኋላ። የማስረጊያው ቦታ ላይ ከባድ መኪና አይመላለስበት፣ የተጠቀጠቀ አፈር ውሃ አይጠጣም። የቦዩ ግድግዳ በቆፋሪ ማሽን ጥርስ ተልጎ ሲያብረቀርቅ ከታየ በሬክ ይፋቅ።

ጥገናው ብዙ አይደለም፣ ግን ስም ያለው ሰው ይመደብለት። አሸንዳና የደለል ሳጥን ክረምት ሳይገባ፣ ከዚያም በክረምቱ በየወሩ ይጸዱ። ቀዳዳዋ ከእያንዳንዱ ከባድ ዝናብ በኋላ ትታይ። ንጣፉ በደረቁ ይጠረግ፤ በግፊት ውሃ ማጠብ ደለሉን ወደ ውስጥ ይነዳል። በዓመት አንዴ 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ቀለበት ንጣፉ ላይ በጭቃ አጣብቃችሁ 18 ሊትር ውሃ አፍስሱበት። በ1 ደቂቃ ከጠፋ በሰዓት 15,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ያሳልፋል፤ 10 ደቂቃ ቢፈጅ 1,500 ነው፣ አሁንም በቂ ነው። ሰዓት ካለፈ ግን ከመገጣጠሚያው የላይኛውን ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ጠጠር ጠራርጎ አውጥቶ በአዲስ መተካት ነው።

ገንዘቡ በአንድ ጊዜ ካልተገኘ፣ መጀመሪያ የታንከሩ መውጫ፣ የሳሩ ዝቅ ማለትና ቫልቩ ይሠሩ፤ በቀጣዩ ዓመት መደቡ፤ ማቆሚያው ኮንክሪቱ ለእድሳት ሲደርስ። ቫልቩ ብቻውን ቀድሞ ሲገጠም ግን የግቢው ውሃ መውጫ የሚያጣበት ሰዓት እንዳለ አትርሱ፤ ስለዚህ ሳሩና ታንከሩ ሳይዘጋጁ አይገጠም።